«ኮምፒውተሩ ነው የሰራው» ሲሉሽ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ያያዝሽውን ምስል ግን ስንቴ ከፍቼ እንዳየሁት አላውቅም። ስሜን አታውጣ ስላልሽኝ አላወጣም። ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ያልሽውን ባጭሩ ላስቀምጥ።

ሥዕል ተምረሽ አምና ተመርቀሻል። የሰው ፎቶ ታነሺና ራስሽ በጻፍሽው ትንሽ ኮድ ወደ ፊደል ትቀይሪዋለሽ። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ነው፣ ሲጠጉት ሀሁ። ሦስት ቦታ ለሥራ ተወዳድረሽ ሦስቱም አልሆነም። የመጨረሻው ቦታ ላይ ጠያቂው ፖርትፎሊዮሽን (ሥራዎችሽን የሰበሰብሽበትን) እያገላበጠ «ይሄን ኮምፒውተሩ ነው የሰራው፣ አንቺ ምን ሰራሽ?» አለሽ፤ አንቺም ዝም አልሽ። ቤት ደግሞ «በማታ አካውንቲንግ ተማሪ» እየተባለ ነው። ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሙያ ነው ወይስ ልተወው? አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቷል።»

አትተይው። ግን ሥራሽን የምታሳዪበት መንገድ መቀየር አለበት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትንሽ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ፣ አንቺ የጀመርሽው ነገር ስልሳ ዓመት ገደማ ታሪክ አለው፤ ይሄን ሳታውቂ ኢንተርቪው መግባትሽ ነው የጎዳሽ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1966 ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው የስልክ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ኬን ኖልተን እና ሊዮን ሃርመን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኖልተን ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ ሃርመን ደግሞ ዓይን እንዴት ነገርን ለይቶ እንደሚያይ ያጠና ነበር። ዲቦራ ሄይ የምትባል ዳንሰኛ ራቁቷን ተጋድማ የተነሳችው ፎቶ ነበራቸው። ፎቶውን ማሽን ነጥብ በነጥብ አነበበው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ጥቁረት ቁጥር ሆኖ ማግኔቲክ ቴፕ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ፕሮግራሙ ለየቁጥሩ አንዳንድ ትንሽ ምልክት ሰጠ። የማባዣ ምልክት፣ የማካፈያ ምልክት፣ ኢንጂነሮች ለትራንዚስተር የሚስሉት ምልክት፣ እንደዚህ ያለ ነገር። ጨለማው ላይ ቀለም የበዛበት ምልክት፣ ብርሃኑ ላይ ሳሳ ያለው። ሲታተም 12 ጫማ ያህል ሆነ፤ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል ማለት ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው የሚያየው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ንድፍ የሚመስል ዝባዝንኬ ነው፤ ወደ ኋላ ሲል ግን የተጋደመች ሴት ትመጣለች።

አለቃቸው በሌለበት ወስደው ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ኩባንያው ደነገጠ። ምስሉን ለሰው ማሳየት ትችላላችሁ፣ የኛን ስም ግን እንዳታነሱ ተባሉ። ከዚያ ኦክቶበር 11 ቀን 1967 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። ይሄኔ የኩባንያው አቋም ተገለበጠ፤ ምስሉ ቤል ላብስ ውስጥ መሠራቱ ይታወቅ አሉ። ምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ አልተቀየረችም እኮ። የታየበት ቦታና ያቀረበው ሰው ነው የተለወጠው። አንቺም ሦስት ጊዜ ስላልተሳካልሽ ብቻ ሥራውን አትፍረጂበት።

አሁን ወዳንቺ ምስል ልምጣ። የአክስትሽን ምስል ነጠላዋ ከአንገቷ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አጉልቼ አየሁት። ጥላው ውስጥ «ጯ» እና «ሿ» ተጨናንቀዋል። ወደ ትከሻዋ ሲወጣ «ጠ» እና «መ» ይሆናል፣ ነጠላው ላይ «ነ» እና «ገ»፣ ብርሃኑ የመታው እጥፋት ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ። ጥለቱ ጋ ስትደርሺ ግን ተራው ይሰበርና ፊደሎቹ እንደ ሽመናው አግድም ይተኛሉ። ይሄ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፦ 231ዱን ፊደል ከነዲቃሎቹ አንድ በአንድ አትመሽ፣ እያንዳንዱ ስንት ነጥብ ቀለም እንደያዘ ቆጥረሽ፣ ከሳሳው እስከ ጠቆረው በተራ አሰለፍሽ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ አክስትሽ ሀሁን የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ መሆኑን ጻፍሽ።

እህቴ፣ ሥራሽ እሱ ነው! የሰውየው ጥያቄ መልስም እሱ ነው። ለኔ ነግረሽኝ ለሱ ያልነገርሽው ለምንድን ነው? ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ያለው አሥራ ስምንት ያለቀለት ምስል ብቻ ነው፤ አንድም ቦታ ላይ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ነገር የለም። ሰውየው ስልክ ላይ ካለ አፕ የወጣ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። አሥራ ስምንቱን ወደ ስድስት አውርጂ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአክስትሽ ዋናው ፎቶ ይሁን፣ ቀጥሎ የፊደሎቹ ሰልፍ ከሳሳው እስከ ጠቆረው፣ ቀጥሎ ያ የአንገት ቁራጭ በደንብ ጎልቶ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉው ምስል። ከሥሩ ሦስት መስመር ጽሑፍ። «ፊደሎቹን በቀለም መጠናቸው እኔ ደረደርኳቸው፣ ኮዱን እኔ ጻፍኩት፣ ፊደል የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።» በቃ። ደግሞ ቢያንስ አንዱን ባነር የሚያትሙ ቤቶች ወስደሽ ከአንድ ሜትር በላይ አሳትሚው። ይሄ ሥራ በስልክ ስክሪን አይታይም፤ ተመልካቹ ሊጠጋና ሊርቅ ይገባል። ኢንተርቪው ስትሄጂ ጠቅልለሽ ይዘሽው ሂጂ፣ ግድግዳ ላይ ያዥላቸውና ተነስተው ወደ ኋላ እንዲሉ ጠይቂያቸው።

«አንቺ ምን ሰራሽ?» ለሚለው ሌላም ምሳሌ ያዢ። ናንሲ በርሰን የምትባል አሜሪካዊት አርቲስት በ1982 የኑክሌር መሣሪያ ያላቸውን አገሮች መሪዎች ፊት በኮምፒውተር ቀላቅላ አንድ ፊት አወጣች። የአሜሪካው ሬገን 55 በመቶ፣ የሶቪየቱ ብሬዥኔቭ 45 በመቶ፣ የእንግሊዟ ታቸር፣ የፈረንሳዩ ሚተራንና የቻይናው ዴንግ እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ በታች። የየድርሻው መጠን የተወሰደው ከየአገሩ የኑክሌር መሣሪያ ብዛት ነው። ፊቶቹን የቀላቀለው ኮምፒውተሩ ነው፤ በምን ሒሳብ ይቀላቀሉ የሚለውን የወሰነችው ግን እሷ ነች። ያንቺም የፊደል ሰልፍ እንደዚያው ነው።

የበርሰንን ነገር ያነሳሁት ለሱ ብቻ አይደለም። በ1968 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ማሽን የተዘጋጀ ትልቅ ኤግዚቢሽን አየች፤ የኖልተንና የሃርመን ሴትም እዚያው ተሰቅላ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት፦ የሰውን ፊት ወስዶ ሲያረጅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ማሽን። አርቲስትና ኢንጂነር የሚያገናኝ ማኅበር ጋ ሄደች፤ ቴክኖሎጂው ገና አልደረሰም አሏት። ሐሳቧን አልጣለችውም። ቆይታ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ካሉ ሰዎች ጋር ሠራች፣ በ1981 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ) አገኘች። በኋላ ያ ዘዴ ምን ላይ እንደዋለ ታውቂያለሽ? ከዓመታት በፊት የጠፉ ልጆች ዛሬ ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ ለማሳየት። ኤፍቢአይ ሳይቀር ሶፍትዌሩን ወስዶ ተጠቅሞበታል። ሥዕል የተማረች ሴት ናት ይሄን ያሰበችው።

ይሄን የምነግርሽ አንቺም አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቂ ለማለት አይደለም። የምታመለክቺበትን ቦታ እንድታሰፊ ነው። ሦስቱም ያመለከትሽባቸው የማስታወቂያ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱ የሚፈልጉት ነገ ጠዋት የሚደርስ ፖስተር ነው። የሰውን ምስል ነጥብ በነጥብ የምታውቅ ሰው የምትፈለገው ሌላም ቦታ ነው። የድሮ ፎቶዎችን ስካን የሚያደርጉና የሚያድሱ መዛግብት ቤቶችና ሙዚየሞች አሉ፣ የመጽሐፍ አታሚዎች አሉ፣ አኒሜሽን የሚሠሩ አሉ። የተቀደደ ፎቶ ማደስ ራሱ ዛሬ እንጀራ ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን የተሸበሸበ የሠርግ ፎቶ በቴሌግራም ይልካሉ፣ ፊቱን ሳይለውጥ የሚያድስላቸው ሰው ነው የሚያጡት። «ሳይለውጥ» የሚለው ላይ አስምሪበት፣ ኤአይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነው። የሌላ ሰው አፍንጫ ያመጣልሻል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ወዲያው ያውቃል።

ስለ ኮዱ ትንሽ ልጨምር። ጥሩ ጀምረሻል፣ ግን ከኢንተርኔት ያወረድሻቸው ቁራጮች አሉበት፤ ጠያቂው ቢገፋሽ ትወድቂያለሽ። ከሥሩ ተማሪው። በ1957 ረስል ከርሽ የሚባል አሜሪካዊ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ፤ 176 በ176 ነጥብ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ማሽኑ የሚያውቀው ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለነበር ከየትኛው ጥቁረት ጀምሮ ጥቁር እንደሚባል እየቀያየሩ ደጋግመው ስካን አድርገው በመደራረብ ነበር ግራጫውን ያገኙት። አንቺም የወንድምሽን ፊት 176 በ176 አድርጊና ያንኑ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ያለ ምንም ፊልተር ድገሚው። ሁለተኛው ልምምድ ደግሞ ከብራዚል ነው። በ1969 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሠዓሊው ዋልደማር ኮርዴይሮ ከፊዚክስ ሊቁ ጆርጂዮ ሞስካቲ ጋር ሆኖ ከፍቅረኞች ቀን ማስታወቂያ የተወሰደ የጥንዶች ፎቶ ላይ ሠራ። ፎቶውን ነጥብ በነጥብ በእጅ ቁጥር ሰጡት፣ ሰባት ዓይነት ጥቁረት ብቻ። ከዚያ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ያለውን ልዩነት አሰላ። ልዩነት የሌለበት ቦታ ይጠፋል፣ ጠርዙ ብቻ ይቀራል፣ ሲደጋገም ጥንዶቹ ራሳቸው እየሟሙ ይሄዳሉ። ይሄን ሁለቱን በእጅሽ ከሠራሽ ማንም ጠያቂ ዝም አያሰኝሽም።

ልብ ካልሽ ኖልተንም ኮርዴይሮም በርሰንም ብቻቸውን አልሠሩም። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር አንድ ሰው ፈልጊ፣ ጓደኛም ይሁን የሰፈር ልጅ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የማን ስም የት እንደሚገባ፣ ቢሸጥ እንዴት እንደምትካፈሉ በወረቀት ተስማሙ። በኋላ ከመቀያየም ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። የወንድምሽ እርቃን ጀርባ ያለበትን ምስል ልከሽልኛል፤ ፈቃዱን መጠየቅሽን ግን አልጻፍሽም። ወጣት ሆኜ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። የአንዲት ደንበኛ ፎቶ በጣም ያማረ መስሎን ፊቷን አጠራንና ቆዳዋን አቀላንና ሳንጠይቃት መስኮቱ ላይ ሰቀልነው። ከሳምንት በኋላ መጣች። መስኮቱ ፊት ቆማ «ይሄ የኔ ፊት አይደለም፣ ሰፈር ሁሉ ግን ያንቺ ነው እያለኝ ነው» አለች። አልጮኸችም። እኔ የምመልሰው አጣሁ፤ ፎቶውን አውርጄ ሰጠኋት። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥም ይሄ ቁስል አለ። የኖልተንና የሃርመን ሥራ ርዕስ ስለ እይታ ጥናት ነው የሚያወራው፤ የዳንሰኛዋ ስም ርዕሱ ውስጥ የለም። በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ከአንድ የወንዶች መጽሔት ላይ ሌና የምትባል ሞዴል ፎቶ ቆርጠው 512 በ512 አድርገው ስካን አደረጉ፤ እሷ ሳትጠየቅ ለአሥርት ዓመታት የዓለም የምስል መሐንዲሶች መሞከሪያ ሆነች። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ። ምስል ላይ ያለው ሰው ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ፣ የት ይታይ፣ እሱ ራሱ ይወስን። ወንድምሽ እሺ ካላለ ያ ምስል ከፖርትፎሊዮው ይውጣ፣ ምንም ያህል ቢያምር።

ስለ አካውንቲንጉ፦ ቤተሰብሽን አትጣያቸው። ገንዘብ ነው የሚያሳስባቸው፣ ልክ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ጥበብ ብቻ የቤት ኪራይ አይወጣም፤ እንደዛ ብልሽ እያታለልኩሽ ነው። ፎቶ የማደስ ሥራ ያዢ፣ ወይ ግማሽ ቀን የትም ተቀጠሪ፣ ሁለቱን ቀን ለራስሽ ሥራ ለዪ። የማታውን ትምህርት እስከ መስከረም አቆዪው በያቸው። እስከዚያ ስድስት ቦታ አመልክቺ፣ ከስድስቱ ማስታወቂያ ድርጅት ከሁለት አይብለጥ።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን ፒዲኤፍ ላኪልኝ፣ ከማስገባትሽ በፊት አብረን እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን አክስትሽ ጋ ሂጂ። ምስሉን አሳትመሽ ግድግዳዋ ላይ ያዥላት፣ ተጠግታ ፊደሎቹን ታንብብ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትበል። ምን እንዳለች ጻፊልኝ፤ እሺ ካለች የመጀመሪያው ገጽ የሷ ነው።