በለሱ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለውም

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ያለው በለስ (ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ዛፍ ነው) መድኃኒት ተረጭቶበት አያውቅም። አጠገቡ ያለውን ጎመን አባጨጓሬ ወንፊት ሲያደርገው እሱን ዞር ብሎም አያየው። ሰሞኑን ቅርንጫፉን ስቆርጥ ነጭ ፈሳሽ ክንዴ ላይ ፈሰሰ፣ በማግስቱ ቆዳዬ ውሃ ቋጠረ። ዛፉ መርዝ አለው እንዴ? ራሱን እንዲህ የሚከላከል ከሆነስ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ለምን ቢጫ ነጠብጣብ አወጡ?

መልስ፦ አለው እንጂ! ግን ለእርስዎ ብሎ አይደለም፤ ሌላ ለመጣበት ያዘጋጀው ነው፣ እርስዎ መሀል ገቡ።

እስኪ አንድ ቅጠል ይበጥሱና አገዳውን ይዩት። ወተቱ ወዲያው ጠብ ጠብ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ቁስሉን የሚደፍነውና ፈንገስ እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ነው፤ ቅጠሉን የምትቦጭቅ ትንሽ ትል ደግሞ አፏ ይጣበቃል። ከዋጠችው ይብስባታል፣ ምክንያቱም ውስጡ ፊሲን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። የበለስ ወተት የላም ወተትን የሚያረጋውም በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ላይ የፓፓያና የአንድ የዱር በለስ ቅጠል ለትሎች ተሰጥቶ ነበር፤ ቅጠሉ መርዝ ሆነባቸው፣ ወተቱ ታጥቦ ሲወጣ ግን መርዝነቱ ጠፋ። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው። ቅጠሉን በጣትዎ ቢደባብሱት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ እሱም ለማኘክ አይመችም።

ክንድዎን ያቃጠለው ግን ፊሲን ብቻ አይመስለኝም። ወተቱና ቅጠሉ ውስጥ ሶራለን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛ ሲቆርጡ ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ ከነካዎት ቶሎ በሳሙና ይታጠቡና ፀሐይ ይሽሹ።

ወደ ቢጫው እንምጣ። ወተቱ የሚበረታው ቅጠል በሚያኝክ ላይ ነው። እንደ መርፌ በቀጠነ አፍ ለሚመጥ ተባይ ያን ያህል አያስፈራም። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ከመሆናቸው ሌላ ከተጣመሙ የበለስ ሞዛይክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ቫይረሱን የምታዛምተው ከሸረሪት ወገን የሆነች፣ በባዶ ዓይን የማትታይ ማይት ናት። መድኃኒት የለውም። ዛፉን ግን አይንቀሉት! ብዙ በለስ በሽታውን ይዞ ዓመታት ያፈራል። ከእሱ ቆርጦ ለሰው ችግኝ መስጠቱ ብቻ ይቅር።

ሞዛይክ ነው ከማለትዎ በፊት ግን ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው ይዩት። ዝገት የመሰለ ዱቄት ጣትዎ ላይ ከቀረ ዋግ ነው፤ የረገፈውን ቅጠል ጠርገው ያርቁ፣ ውሃ ሲያጠጡም ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አያርሱት።