ተማሪው ሐሳቡን ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ይጻፍ

ጠያቂያችን የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻቸው ከክሊኒክ ልምምድ በኋላ የሚያስገቡት የግል ማስታወሻ «ብዙ ተምሬያለሁ፤ ወደፊት እሻሻላለሁ» ከማለት እንደማያልፍ ገልጸዋል። ምን ቢደረግ ይሻላል፣ ነጥብስ ሊያዝበት ይገባል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም የተግባር ልምምድ ሳስተምር ለዓመታት የታገልኩት ከዚሁ ጋር ስለሆነ ያየሁትን ላካፍልዎ።

ጥፋቱ የተማሪው ስንፍና አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ጻፍ የሚባለው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እንስሳው ድኗል ወይም ሞቷል። መልሱን ያወቀ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያሰበውን በትክክል አያስታውስም፤ «ከመነሻው ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ከልቡ ያምናል። ስለዚህ ማስታወሻውን ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ክፍል ምርመራው አልቆ ሕክምናው ሳይጀመር ይጻፋል፤ ጥቂት መስመር ይበቃል። ምን ጠረጠርክ? ለምን? ሐሳብህን የሚያስቀይርህ ምን ብታይ ነው? ሁለተኛው ክፍል ውጤቱ ከታየ በኋላ ይጨመራል፤ የመጀመሪያውን መሰረዝ ግን አይፈቀድም።

አንድ ጊዜ በቅርብ የወለደች ላም መነሳት አቅቷት፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ አገኘናት። ተማሪዋ «የወተት ትኩሳት፤ የካልሲየም ማነስ» ብላ ጻፈች። ከሥሩም «ካልሲየም ከወሰደች በኋላ ካልተነሳች የእግሯን ነርቭና ጡንቻ እመረምራለሁ» የሚል መስመር አከለች። ካልሲየም በደም ሥር ሲሰጥ ቸኩሎ ከገባ የልብን ምት ያዛባል፤ ልብንም ሊያቆም ይችላል። እርሷም ማዳመጫውን ከላሟ ደረት ሳታነሳ በዝግታ ትሰጥ ነበር፤ ምቱ ሲዛባ ወዲያው ፍሰቱን አቆመች። ባለሙያዎች በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያስቡ ያጠናው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 በሥራ መካከል ማሰብ ብሎ የገለጸው ይህንኑ ነው። ጆሮዋ ሞቀ፤ ላሟ ነቃች፤ የኋላ እግሮቿ ግን አልታዘዙም። ተማሪዋ ሌላ ጠርሙስ ከመጨመር ይልቅ ወደ እግሮቿ ሄደች፤ አስቀድማ ጽፋው ነበርና። በሁለተኛው ክፍል ላይ የጻፈችውም «ላሟ ከወደቀች ስንት ሰዓት እንደሆናት ባለቤቱን አልጠየቅሁም» የሚል ነበር። ረጅም ሰዓት ወድቃ የቆየች ከባድ ላም በገዛ ክብደቷ ጡንቻዋ ይጎዳልና፣ ያ ጥያቄ ገና ከጅምሩ መጠየቅ ነበረበት። ከአንገት በላይ የተጻፈ ማስታወሻ እንዲህ ያለውን ነገር አያወጣም።

ነጥብን በተመለከተ፣ በይዘቱ ላይ ባይሰጡ እመክራለሁ። ሁለቱም ክፍሎች በሰዓታቸው መጻፋቸውን ብቻ እመዘግባለሁ። በይዘቱ ነጥብ ከተያዘ ተማሪው መምህሩን ደስ የሚያሰኝ ጸጸት መፈብረክ ይጀምራል። የሆነውን ከመግለጽ ተነስቶ ለወደፊቱ እስከ ማቀድ የሚያደርሰው፣ ስድስት ደረጃ ያለው የጊብስ የማስታወሻ አጻጻፍ ዑደት ለጀማሪ መንገድ ያሳያል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ግን ቅጽ መሙያ ሆኖ ስለሚቀር እተወዋለሁ።

መምህሩም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስብ። «አሁን የጠረጠርኩት ይህን ነው፤ ይህ ምልክት ግን አልገጠመልኝም» ሲል ያልሰማ ተማሪ፣ ጥርጣሬን በጽሑፍ ማስቀመጥ እንደ ድክመት ይቆጠርብኛል ብሎ ይፈራል። ማስታወሻውን ሲመልሱም ምስጋናና ወቀሳ ከመደርደር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉበት። እኔ አዘውትሬ የምጽፈው «ይህን በምን አወቅህ?» የሚለውን ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ይሁን። እንስሳው ከስቃይ እንዲገላገል በመድኃኒት እንዲሞት በተደረገ ዕለት፣ በተለይም ሊድን ሲችል ባለቤቱ ወጪውን መሸፈን ስላልቻለ ከሆነ፣ ተማሪውን ጻፍ አይበሉት። አብረውት ይቀመጡ፤ መናገር ከፈለገ ይስሙት። ስለ ውሳኔው የሚደረገው ውይይት ለሌላ ቀን ይደር።

ጊዜ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ በየእንስሳው ማስጻፍ አያስፈልግም። ለአንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ይበቃል፤ የትኛው እንደሚሆን ግን ውጤቱ ሳይታወቅ ጠዋት ይመረጥ። ያለበለዚያ የሚጻፈው ያማረው ብቻ ይሆናል።