ቲማቲሙን ማን ጠመዘዘው?

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ ጓሮዬን ከጤፍ ማሳ የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጎረቤቴ ጤፉን ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም ካስረጨ ከአምስት ቀን በኋላ ሃያ እግር ቲማቲሜ ጫፍ ጫፉ ተጠማዝዞ ወደ ታች ደፋ። አዲስ የሚወጣውም ቅጠል ቀጭን ነው። የሰፈሩ ሰው ምች ነው ይለኛል። ልንቀለው? ፍሬውስ ይበላል?

መልስ፦ ምች ቅጠሉን ያጠቁራል፣ ያደርቃል እንጂ ግንድ አይጠመዝዝም። የጻፉልን የቱፎርዲ ምልክት ነው። ይህ መድኃኒት ለጤፍና ለስንዴ የሚመረጠው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ገድሎ ሣር ነክ ሰብሉን ስለሚተው ነው። ቲማቲም ደግሞ ከሰፋፊ ቅጠሎቹ ወገን ነው፤ ያውም ቶሎ ከሚጎዱት። መድኃኒቱ የተክሉን የእድገት ሆርሞን መስሎ ስለሚገባ የግንዱ አንድ ጎን ከሌላው ቀድሞ ያድጋል፤ መጠማዘዙም ከዚህ ይመጣል።

እርግጠኛ ለመሆን ከጫፉ አንድ ለጋ ቅጠል ቀጥፈው ፀሐይ ላይ ይያዙት። ጅማቶቹ እንደ ሣር ቅጠል ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከሄዱ፣ የጠርዙ ጥርሶችም እንደ ክር ከተሳቡ ፀረ አረም ነው። ቀጥለው ጓሮውን ይዙሩ። በአጥሩ በኩል ያለው ቃሪያና ቦሎቄ አብሮ ተጎድቶ፣ በቆሎና ሽንኩርቱ ደህና ከሆነ፣ ጉዳቱም ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እየቀነሰ ከሄደ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ቫይረስ ቢሆን ኖሮ እዚህ አንድ እዚያ አንድ እግር ይዞ ይጀምር ነበር፤ ቅጠሉ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ይቆረፍዳል፣ ተክሉን ሲነቀንቁትም ነጭ ዝንብ ብር ይላል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ብቻ ተጠቅልሎ ከወፈረ ደግሞ የሙቀት ወይም የውሃ ጥም ነውና ብዙ አያሳስብም።

ለመንቀል አይቸኩሉ፤ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። አንዴ የተጠማዘዘ ቅጠል አይቃናም፤ የሚታየው ከዚያ በኋላ የሚወጣው ነው። አዲሱ ቅጠል እየሰፋ ከመጣ ድኗል። ጫፉ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ወይም ግንዱ ከተሰነጠቀ ይንቀሉት፤ ወደ ኮምፖስት ግን አይጨምሩት። ውሃውን ሳያቋርጡ ያጠጡ፤ እንዲያገግም ብለው ዩሪያ አይጨምሩበት። በተረጨበት ቀን ተክሉ ላይ የነበረውን ፍሬ ይጣሉት። ተክሉ ውስጥ የገባውን ማጠብ አያወጣውም፣ መጠኑን ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ማወቅ አይቻልም። በኋላ የሚያዘውም ሾጣጣ ወይም የተሸራረፈ ሆኖ ከመጣ ይቅርብዎ።

ለጎረቤትዎ የሚነግሩት፦ ለስላሳ ነፋስ ከእርስዎ ጓሮ ወደ እሱ ማሳ በሚነፍስበት ሰዓት ይርጭ። የቀትር ሙቀት ጥሩ አይደለም። ብዙ ሰው የሚመርጠው ንፋስ የሌለበት ማለዳም ቢሆን ያታልላል፤ ደቃቁ ጭጋግ መሬት ሳይነካ ተንሳፎ ይሄዳል። ፓምፑን አለልክ መምታትም ጠብታውን ያደቅቀዋል። ጠርሙሱ ላይ «ኤስተር» የሚል ካለ ከተረጨ በኋላም ተንኖ ይጓዛልና «አሚን» የሚለውን ይግዛ።

ጥያቄ (ከሆለታ)፦ በአቅራቢያዬ ማሳ የለም። ለምች ብዬ ማንኮዜብ ከረጨሁ ወዲህ ግን ቲማቲሙ በሙሉ ተጠማዘዘ። ፓምፑን የተዋስኩት ከወንድሜ ነው፤ በውሃ አለቅልቄዋለሁ።

መልስ፦ ማንኮዜብ አይጠመዝዝም፤ ጥፋቱ የፓምፑ ነው፤ ወንድምዎ ቀድሞ ቱፎርዲ ሳይረጭበት አልቀረም። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ጎረቤት ከመወቀሱ በፊት ፓምፑ ቢመረመር ይሻላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከቱፎርዲ ብጥብጥ በታንከሩ ሥር፣ በጎማውና በማጣሪያው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የቡና ስኒ ያህል ቢቀርና 15 ሊትር ውሃ ቢሞላበት፣ ቲማቲሙ ላይ ያረፈው ለማሳ ከሚበጠበጠው አንድ መቶኛ ነው። ይህ ደግሞ ቲማቲምን ለመጠምዘዝ ይበቃል።

ለአትክልት የራሱ ፓምፕ ይኑርዎ፤ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። ካልተቻለ ታንከሩን ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ይጠቡ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ውሃውን በጎማውና በአፍንጫው አውጥተው ይርጩት። ከዚያ በ10 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር የቤት ማጽጃ አሞኒያ ጨምረው፣ ጎማው ውስጥ እንዲገባ ትንሽ ረጭተው፣ ሌሊቱን ይተዉት። አሞኒያ ካጡ የልብስ ዱቄት ሳሙና ከምንም ይሻላል። አሞኒያን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አፍንጫውንና ማጣሪያውን ፈትተው በብሩሽ ይፈትጉ፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ። እጣቢውን መድኃኒቱ በተረጨበት ማሳ ላይ ይድፉት እንጂ ጓሮ ወይም ቦይ ውስጥ አይሁን። ቀጥሎ ሲረጩ በአንድ እግር ቲማቲም ብቻ ሞክረው ሳምንት ይጠብቁ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦ እዚህ ማንም አልረጨም። የፈረስ ፍግ ገዝቼ ካስገባሁ በኋላ ግን ቲማቲሙም ባቄላውም ተጠማዘዘ።

መልስ፦ አሚኖፒራሊድ፣ ክሎፒራሊድና ፒክሎራም የተባሉት የግጦሽ ፀረ አረሞች በፈረሱ ሆድ አልፈው በፍጉ ይወጣሉ፤ ፍጉ ኮምፖስት ሆኖም ላይጠፉ ይችላሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የብዙ አትክልተኞች ጓሮ በዚሁ ተጎድቶ የአሚኖፒራሊድ ሽያጭ ለጊዜው ታግዶ ነበር።

ፍጉን ከንጹህ የችግኝ አፈር ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው በሦስት ማሰሮ፣ ንጹሁን አፈር ብቻ ደግሞ በሌላ ሦስት ማሰሮ ያድርጉ። በእያንዳንዱ ሦስት የቦሎቄ ፍሬ ይዝሩ። የአንዱ እጣቢ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ለየብቻ ሳህን ላይ ያስቀምጧቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የፍጉ ቦሎቄ ብቻ ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ከተጎነበሰ ነገሩ ታውቋል። ያልተጠቀሙበትን ፍግ ለሌላ ሰው አይስጡ። በተበከለው መደብ ላይ በቆሎ መዝራት ይቻላል፤ ቲማቲም፣ ድንችና ባቄላ ግን ይቆዩ። መድኃኒቱን የሚያፈርሱት አየር የሚፈልጉ የአፈር ተዋሕስያን ስለሆኑ መደቡን ደጋግመው ይገልብጡት፤ ቲማቲም ከመመለስዎ በፊትም የቦሎቄውን ሙከራ በዚያው አፈር ይድገሙት።