ከወታደርነቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

ውድ ወጣት አንባቢዎቼ፣

በጦርነት የወደቀ የአገራችሁን ልጅ ወይም የቤተሰባችሁን ሰው ታሪክ ጽፋችሁ ለማቆየት የምታስቡ ጥቂት እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በማዕድን ምሕንድስና ሥራ ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ የወደቀበትን ግንባርና ቀን ከመመዝገባችሁ በፊት ሰውየው በምን ሙያ እንጀራውን ይበላ እንደ ነበር ጠይቁ። ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ እንግሊዛዊ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ታሪክ ላስረዳ፤ ቀኑና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ሃኬት በ1873 በኖቲንግሃም ተወለደ፤ ከ20 ዓመት በላይ በከሰል ጉድጓድ ሠርቷል፤ ቤተሰቡም በደቡብ ዮርክሻየር፣ ሜክስቦሮ በተባለች ከተማ ይኖር ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በእግረኛ ጦር ለመመዝገብ ሦስት ጊዜ ቀርቦ ዕድሜህ ገፍቷል ተብሎ ተመለሰ። በ1915 ግን የብሪታንያ ጦር ከጀርመን ምሽግ ሥር ዋሻ ቆፍረው ፈንጂ የሚቀብሩ ክፍሎችን አቋቋመ፤ ለዚህ ሥራ የተፈለገው የወጣት ጉልበት ብቻ ሳይሆን መሬትን የለመደ እጅ ስለ ነበር አርባውን ያለፈው ሃኬት ተቀባይነት አገኘ። ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበርና ከግንባር ወደ ቤቱ የሚልከውን ደብዳቤ ጓደኛው ይጽፍለት ነበር። እርሱ በጦር ሜዳ ሳለ ልጁ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን አጣ፤ ሥራው ከጦር ሜዳ ውጭም ሰው ይበላ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሰኔ 22 ቀን 1916 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ዢቫንሺ በተባለች መንደር አጠገብ፣ ጀርመኖች ከመሬት በታች ያጠመዱት ትልቅ ፈንጂ ፈንድቶ ሃኬትንና ሌሎች አራት ሰዎችን ጠባብ ዋሻ ውስጥ ዘጋባቸው። ከ20 ሰዓት ቁፋሮ በኋላ በተናደው አፈርና በተሰባበረው የእንጨት ድጋፍ መካከል ቀዳዳ ተከፈተና ከውጭ ከሚቆፍሩት አዳኞች ጋር ተገናኙ። ሃኬት ሦስቱን ሰዎች በቀዳዳው አሳለፈ፤ ራሱም ተከትሏቸው ሊወጣ ይችል ነበር። የቀረው ቶማስ ኮሊንስ የተባለ የ22 ዓመት የዌልስ ወታደር ክፉኛ ስለ ቆሰለ በዚያ ቀዳዳ ማለፍ አልቻለም። ውጣ ሲሉት ሃኬት «እኔ ዋሻ ቆፋሪ ነኝ፤ አስቀድሜ ሌሎቹን መጠበቅ አለብኝ» አለ። ቀዳዳው እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ዋሻው ተደረመሰ፤ አዳኞቹ አራት ቀን ቢቆፍሩም ሁለቱን ሊያገኟቸው አልቻሉም።

እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ ትንሽ ልቆይ። ፈንጂ አንዴ ያናጋው መሬት ጣራውን ደግፎ የሚያቆመው ነገር ስለሚጎድለው፣ ከሥሩ አፈር ባወጣችሁ ቁጥር ከላይ ሌላ አፈር ይወርዳል፤ ስለዚህ በናዳ ውስጥ የተከፈተ ቀዳዳ እንደ ተከፈተ ይቆያል ብሎ የሚያምን ቆፋሪ የለም። በወሎ፣ ደላንታ፣ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ፍለጋ በእጃቸው የሚቆፍሩ ወንድሞቻችን ይህን ከማንኛችንም መሐንዲሶች ሳይማሩ ያውቁታል። ሃኬትም ያውቀው ነበር፤ ከሞተ በኋላ የብሪታንያ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነው ቪክቶሪያ ክሮስ ሲሰጠው፣ የሽልማቱ ጽሑፍ የሚንሸራተት አፈርን ጠባይ አሳምሮ እያወቀ ሕይወቱን ለባልደረባው እንደ ሰጠ ይመሰክራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «ወታደር ነኝ» አላለም። በጉድጓድ ሥራ የወደቀን ባልደረባ ትቶ አለመውጣት የቆፋሪዎች ሕግ ነው፤ ያንን ይዞ ነው ወደ ጦር ሜዳ የሄደው። ሙያውን ሳይነግረን ጀግንነቱን ብቻ የሚያወራልን ሰው ቢኖር ከታሪኩ የሚቀርብልን ገለባው ብቻ ይሆን ነበር።

ይህን ስል ጦርነቱን አወድሳለሁ ማለቴ አይደለም። መሬት ቆፍሮ ሰው ከነሕይወቱ መቅበር ለእኔ ሙያን ማዋረድ ነው፤ ሁለቱም ወገን ግን አድርጎታል።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ የወታደር ልብስ ለብሰው የተነሡ አጎቶችና አያቶች አሉ። ልጆቹን ብትጠይቋቸው በየትኛው ግንባር እንደ ወደቀ ይነግሯችኋል፤ ከዚያ በፊት ሸማኔ ይሁን ግንበኛ፣ ወርቅ አጣቢ ይሁን መምህር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም በሐውልቱ ላይ «ለአገሩ ሲል ወደቀ» ብለን እናበቃለን። ሃኬት ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበርና ስለ ራሱ አንዲት መስመር መጻፍ አይችልም ነበር፤ ያቺን ቃሉን ያቆዩልን ሌሎች ሰምተው ስለ ተናገሩና የተናገሩትም ስለ ተጻፈ ነው። ሥጋው ዛሬም ከኮሊንስ ጋር ከዢቫንሺ መሬት በታች ነው፤ ለዋሻ ቆፋሪዎቹ መታሰቢያ በዚያ የቆመው በ2010፣ ከ94 ዓመት በኋላ ነበር።

ስለዚህ አብረውት የሠሩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሂዱ። በምን መሣሪያ ይሠራ እንደ ነበር፣ ሥራውን ማን እንዳስተማረው፣ በምን ነገር ባልደረቦቹን ይቆጣ እንደ ነበር፣ ደመወዙን ምን ያደርገው እንደ ነበር ጠይቁ፤ «ጀግና ነበር» ብለው ቢጀምሩላችሁ በአክብሮት ሰምታችሁ እንደ ገና ወደ ሥራው መልሷቸው። የሰማችሁትንም የተናገረውን ሰው ስምና የተናገረበትን ቀን ጨምራችሁ አስፍሩ።