ሲሊንደሬ ውስጥ ውሃ አለ? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው አብዛኛው ከማድ ቤት መጣ፤ ደስ ብሎኛል።

ልጄ ሦስቱን እየሸመደደች ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?
ልዩነቱ ነገሩ የተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች አያያዝ ነው። በጠጣር ውስጥ ተጠጋግተው ባሉበት ይርገበገባሉ። ስለዚህ ቅርጹም ይዘቱም የራሱ ነው። በፈሳሽ ውስጥም ተጠጋግተዋል፣ ግን ይንሸራተታሉ። ይዘቱ ያው ሆኖ ቅርጹን ከዕቃው ይወስዳል። ጋዝ ላይ ግን ተራርቀው እንደ ልባቸው ይበራሉ፤ ያገኙትን ቦታ ሁሉ ይሞላሉ። በረዶም እንፋሎትም ያው ውሃ ነው። ልጅሽ ይህን ከያዘች ሽምደዳው ይቀርላታል።

ጤፍም ከጆንያ ይፈሳል። ፈሳሽ ነው?
አይደለም። መሬት ላይ ስታፈሰው ይቆለላል፤ ውሃ ተቆልሎ አያውቅም። እያንዳንዷ ፍሬ ጠጣር ናት።

መምህር፣ የጋዝ ሲሊንደሬን ሳወዛውዘው ውስጡ ውሃ ያለ ይመስላል። ሸወዱኝ እንዴ?
አይ፣ የሰማኸው ራሱ ጋዙ ነው። በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኗል። ውስጡ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቡቴን ዜሮ አካባቢ። ስለዚህ ቫልቩን ስትከፍት ግፊቱ ይቀንስና ፈሳሹ እየፈላ ጋዝ ይሆናል። ጋዝ ሲሆን ከ200 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ባይታመቅ ኖሮ ሲሊንደሩ ትንሽ ክፍል ያክል ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም!

ለመፍላት ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ከሲሊንደሩ ይወስዳል። ብዙ ስታበስል ሲሊንደሩ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ስንት እንደቀረህ ለማወቅ ጎኑ ላይ ለብ ያለ ውሃ አፍስስና በእጅህ ዳብሰው። ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ፈሳሹ ያለበት ነው። አደራ፣ አጋድመህ አትጠቀምበት፤ ጋዝ በሚወጣበት ፈሳሹ ይወጣል።

አዲስ አበባ ያለች እህቴ ባቄላ አልበስል አላት። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደል?
100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አዲስ አበባ 92 አካባቢ። እህትሽ እሳቱን ብታነደው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ፕሬዠር ኩከር ግን እንፋሎቱን አምቆ ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ግዙላት።

ከጀበናው አፍ የሚወጣው ነጩ ነገር ጋዝ ነው?
እማማ፣ እሱ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። እውነተኛው እንፋሎት አይታይም። አፉ ላይ፣ ነጩ ከመጀመሩ በፊት ባዶ የሚመስለውን ቦታ ይመልከቱ፤ እሱ ነው። እጅዎን ግን እንዳያስጠጉ! ጠዋት ሐይቁ ላይ የሚያዩት ጉምም ጠብታ ነው።

ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረው ናፍታሊን የት ገባ?
ማንም አልነካብዎትም። ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ከጠጣር ወደ ጋዝ ሄዷል። ሽታው ራሱ እሱ ነበር።