ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ይቁረብ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የ8 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ሰዎች “መንፈስ ነው፣ ጠበል አስገቢው፣ እስኪድን አታቁርቢው” ይሉኛል። አንዷማ የወላጆቹ ኃጢአት ነው አለችኝ። በጾም ከወተትና ከዳቦ ሌላ አይቀምስም። ለታኅሣሥ ደግሞ ቁልቢ ልወስደው ተስያለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፣ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

ቁርባኑን ላስቀድም። ልጅሽ ይቁረብ። በ40 ቀኑ ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶ ቆርቧል አይደል? ያን ቀን ጸሎተ ሃይማኖት ደግሟል እንዴ? ማናችንም አልደገምንም፤ እየተንፈራገጥንና እያለቀስን ነው የተቀበልነው። ታዲያ በ40 ቀኑ ያልተጠየቀውን ንግግር በ8 ዓመቱ የሚጠይቀው ማነው? “እስኪድን” የሚሉሽ ሰዎች ቁርባንን የጤነኞች ሽልማት አስመሰሉት።

ቢተፋውስ ብለሽ ከፈራሽ ልክ ነሽ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለንስሐ አባትሽና ለሚቀድሱት ካህን ቀድመሽ ንገሪ። እቤት በማንኪያ ጠበል እየሰጠሽ አለማምጂው። ቅዳሴውን ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብላችሁ፣ ቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆናችሁ አስቀድሱ፤ የጆሮ መሸፈኛ ካለው ያድርግ። ነጠላ አልለብስም ካለም አትታገይው፣ ጨርቁ ቆዳውን ሲነካው የሚያሰቃየው ልጅ አለ።

ስለ መንፈሱ ነገር ትንሽ ልቆጣ ነው። ማቴዎስ 4፥24ን አንብቢ። ወደ ጌታ ያመጧቸውን ሰዎች ሲዘረዝር የታመሙትን ለብቻ፣ አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ ነው የሚጠራው። ወንጌል የለየውን እኛ ለምን እንቀላቅላለን? የወላጆቹ ኃጢአት ላለችሽ ሴትዮም ዮሐንስ 9 አለላት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታ “እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም” ብሎ ዘጋው። የተዘጋ ጥያቄ ነው፣ ቡና ላይ አይከፈትም።

ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ከልጅነት ይጀምራል፣ በዘር የሚወረሰው ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። በክትባት አይመጣም፣ በአስተዳደግም አይመጣም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በዚህ ሒሳብ አንድ ሺህ ሰው በሚያስቀድስበት አጥቢያ ሰባት ስምንት ሰው ልናይ ይገባ ነበር። አንቺ ስንት አየሽ? ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ቤት የቀሩት፣ ቤተሰቦቻቸው ቤተ ክርስቲያን ስለጠሉ አይደለም፤ የእኛ ዓይንና ሹክሹክታ ነው ያስቀራቸው። ዘሚ የኑስ የራሷ ልጅ ኦቲዝም እያለበት በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ ልጇንም አልደበቀችም። እኛ በአጥቢያ ደረጃ ማዕከል ክፈቱ አልተባልንም፣ ሕፃን ሲጮህ ዞር ብለን አለማፍጠጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብን፣ እሱም አቅቶናል።

ጠበሉን አልከለክልሽም፣ በረከት ነው። ግን ይዘውት፣ አስረውት፣ በግድ አያጥምቁት። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲወርድበት ከእኛ በላይ የሚያስደነግጠው ልጅ ነው። ሲጮህ “ሰይጣኑ ጮኸ” ይሉሻል። የጮኸው ልጅሽ ነው። መዳፉን አስነኪው፣ ይጠጣ፣ ፊቱን አንቺው አብሺለት። ንግግር የሚያለማምደው ባለሙያ ካለም በጠበል ሰበብ እንዳታቋርጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። ልጆች ከ7 ዓመት ጀምሮ እንደየአቅማቸው ጾም ይለማመዳሉ፣ ፍትሐ ነገሥትም የታመመን ሰው ከጾም ያሳርፋል። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን ያለ በሽታ አይደለም፤ ቢሆንም ያንቺ ልጅ ሽሮ አልበላም ያለው ቀብጦ ሳይሆን ሽታውና አፉ ውስጥ የሚሰማው ነገር ስለማይዋጥለት ነው። የሚበላው ሁለት ነገር ብቻ ከሆነ አንዱን ከልክለሽ ልታስርቢው ነው? ለንስሐ አባትሽ እንደዚሁ አስረጂያቸው። የሚቆርብበት ቀን ምን ያህል ሰዓት ሳይበላ መቆየት እንደሚችልም አብራችሁ ወስኑ።

ወደ ቁልቢ ልምጣ። የታኅሣሥ 19ን ሕዝብ ታውቂዋለሽ። ግፊያው፣ እልልታው፣ ጥሩምባው፣ አቧራው፤ እኔም በጤናዬ ያዞረኛል። ልጅሽን እዚያ መሀል ብታስገቢው ለሱ ስቃይ ነው፣ ቢጠፋብሽ ደግሞ ስሙን ተጠይቆ አይመልስም። ገብርኤል በአዘቦት ቀንም እዚያው ነው። ስለትሽን ቀን ቆርጠሽለት ከሆነ ጃንጥላውን ታኅሣሥ 19 አንቺ አስገቢ፣ ልጁ ከአያቱ ወይ ከሚለምደው ሰው ጋር ይዋል። እሱን ጥር ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ቀን፣ በጠዋት ይዘሽው ውጪ። ውሃና ዳቦውን አትርሺ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠውን አይበላልሽም።