የአንባብያን ጥያቄ፦ «መድኃኒቱ ቤቴ ሲገባ ነው ሰው የሆንኩት»

ባለፈው እትም ስለ ኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና እንደ አንዳንድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ያሉት) ሱስና ስለ ሕክምናው ከጻፍን ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። የሚገርመው፣ አብዛኛው ስለ ኮቪድ ጊዜ ነው የሚያወራው። ሦስቱን መርጫለሁ፤ ስም አናወጣም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ከዓመታት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶብኝ ለወገቤ ኦክሲኮዶን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ሐኪሙ ሲያቆምብኝ ከመንገድ መግዛት ጀመርኩ፤ የቀረውን ታውቂዋለሽ። ለሱሱ ሕክምና የሚሰጠውን ሜታዶን ከጀመርኩ በኋላ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። ግን በየማለዳው ገና ሳይነጋ ክሊኒኩ በር ላይ መሰለፍ ነበረብኝ። ነርሷ በትንሽ ኩባያ ትሰጠኛለች፣ ፊቷ እጠጣለሁ፣ መዋጤን ለማረጋገጥ «እስቲ አንድ ነገር ተናገር» ትለኛለች። ኤርፖርት የሚሄደው ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት እኔ ሰልፍ ላይ ነኝ። ኮቪድ ሲመጣ የሁለት ሳምንቱን ባንድ ጊዜ ሰጡኝ። ጠዋት ተነስቼ፣ መድኃኒቴን ወስጄ፣ ከባለቤቴ ጋር ቡና ጠጥቼ ሥራ መግባት ጀመርኩ። መድኃኒቱ ቤቴ ሲገባ ነው ሰው የሆንኩት። አሁን ክሊኒክ ቀይሬ አዲሱ ክሊኒክ «እሱ የኮቪድ ጊዜ ነገር ነው፣ አልቋል» ብሎ በየቀኑ ና ይለኛል። እውነት አልቋል?

መልስ፦ አላለቀም ወንድሜ። እንዲያውም ቋሚ ደንብ ሆኗል።

አሜሪካ ውስጥ ለሱስ ሕክምና የሚሰጥ ሜታዶን እንደ ሌላው መድኃኒት ማዘዣ ይዘህ ፋርማሲ ሄደህ የምትገዛው አይደለም። ልዩ ፈቃድ ካላቸው ክሊኒኮች ነው የሚሰጠው፤ ይህ አሠራር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። በድሮው ደንብ ጀማሪ ታካሚ በየቀኑ ማለት ይቻላል መመላለስ ነበረበት፣ የአንድ ወር መድኃኒት ይዞ ቤቱ ለመግባት ደግሞ ሁለት ዓመት ሕክምና ላይ መቆየት። ማርች 2020 ላይ ግን ሰው በሰልፍ ተጠጋግቶ እንዳይያዝ ሲባል የፌዴራል መንግሥቱ ስቴቶች ጠይቀው እንዲፈቅዱ በሩን ከፈተ፦ ለተረጋጋ ታካሚ እስከ 28 ቀን፣ ገና ላልተረጋጋው እስከ 14 ቀን የሚሆን መድኃኒት ወደ ቤት።

ያኔ ብዙ ሰው ፈርቶ ነበር። ይሸጡታል፣ ባንዴ ይጠጡትና ይሞታሉ ተባለ። እስከ ኤፕሪል 2021 ባለው አንድ ዓመት በእርግጥም ከ100,000 በላይ ሰው በአሜሪካ በኦቨርዶዝ (ዕፅ ወይም መድኃኒት ከመጠን በላይ በመውሰድ) ሞቷል። አብዛኛውን የገደለው ግን ፈንታኒል የሚባለው፣ በድብቅ የሚሠራው እጅግ ኃይለኛ ኦፒዮይድ ነው። ከጠቅላላው የኦቨርዶዝ ሞት ውስጥ ሜታዶን ያለበት ሞት ድርሻው አልጨመረም። ታካሚው ታምኖ ተሰጠው፣ እምነቱንም አልበላም። እኔ ከዚያ ዘመን የማልረሳው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ስለዚህ በ2024 ደንቡ ተለወጠ። አሁን በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት እስከ 7 ቀን የሚሆን፣ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 14 ቀን፣ ከ31ኛው ቀን በኋላ ደግሞ እስከ 28 ቀን የሚሆን መድኃኒት ወደ ቤት መስጠት ይቻላል። «ይቻላል» ነው እንጂ «ግዴታ ነው» አይልም፤ ውሳኔው የክሊኒኩ ሐኪም ነው፣ ስቴቶችም ማጥበቅ ይችላሉ። ግን ሐኪሙ የወሰነበትን ምክንያት መዝገብህ ላይ መጻፍ አለበት። ሂድና «የእኔ ምክንያት ምንድን ነው? መዝገቤ ላይ አሳዩኝ» በል። ከቀድሞው ክሊኒክ የነበረህን መዝገብ አስልክ፤ ሁለት ሳምንት እየወሰድክ ምንም ችግር እንዳልፈጠርክ እዚያ ላይ አለ። ካልሰሙህ በየስቴቱ እነዚህን ክሊኒኮች የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለና አቤት በል። ይህን ስታደርግ ግን አትጣላ፣ ደግሞም አንድም ቀን መድኃኒትህን አትዝለል።

አንዳንድ ታካሚዎች በኮቪድ ጊዜ ሰልፉ ናፍቋቸው እንደነበርም መናገር አለብኝ። ብቻውን ለሚኖር ሰው ጠዋት ስሙን ጠርታ የምታናግረው ነርስ የቀኑ ብቸኛ ሰው ነበረች። ከሕክምናው ጋር የሚሰጠው ምክር በስልክ ሲሆን ደግሞ አምስት ሰው በሚኖርበት አፓርታማ ውስጥ የልብን ማውራት ከባድ ነው፤ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ያወሩ ብዙ ናቸው። ቅርበቱን የሚፈልግ ያግኝ። ሥራ ላለው ሰው ግን የሰልፍ ግዴታው ሸክም ነው።

መድኃኒቱን ቤት የምታስቀምጥበትን ሳጥን አደራ። ሜታዶን ብዙ ጊዜ ቀይ ሽሮፕ መስሎ ነው የሚመጣው፣ ልጅ ደግሞ ጣፋጭ ይመስለዋል። ለአንተ የአንድ ቀን መድኃኒት የሆነው ለሕፃን ሞት ነው። በቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፉ ከአንተ አይለይ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከጭማቂ ጋር ፈጽሞ አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ወንድ ልጄ በ2020 ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ሳለ ሐኪም ፊት ሳይቀርብ በስልክ ሰቦክሶን የሚባለውን የሱስ መድኃኒት ጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን ሥራ ይዟል፣ ወፍሯል። ዘመድ ግን «አንዱን ሱስ በሌላ ቀየረ እንጂ የት ዳነ» ይለኛል። በእረፍቱ አገር ቤት ወስጄ እንጦጦ ላስጠምቀውና መድኃኒቱን እዚያው እንዲተው አስቤአለሁ። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ እማማ፣ ጸበሉን ይውሰዱት። መድኃኒቱን ግን አያስጥሉት። እባክዎ።

በስልክ መጀመሩ አያሳስብዎት። ማርች 2020 መጨረሻ ላይ ቡፕረኖርፊንን (ሰቦክሶን ውስጥ ያለው እሱ ነው) በአካል ሳይታዩ በስልክ መጀመር ተፈቀደ፣ ፈቃዱም ከወረርሽኙ በኋላ ተራዝሟል። ያኔ ብዙ ሰው «ክሊኒክ ስገባ ማን ያየኛል» የሚለው ሐሳብ ስለቀረለት ነው ደፍሮ የጀመረው። በእኛ ማኅበረሰብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል።

ዘመድ ለሚለው ደግሞ ልጅዎን ይዩት። ሱስ ያለበት ሰው ሥራ ያጣል፣ ይዋሻል፣ ዕቃ ይሸጣል። የእርስዎ ልጅ ሠርቶ ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ሲወጋ «ሱሰኛ ሆነ» የሚል የለም።

ማቆሙ ለምን ያስፈራኛል? ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቋቋም ይረሳል። አንድ ቀን ተሳስቶ ያንኑ የድሮውን መጠን ዕፅ ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ብዙዎች ያለቁት «ዳንኩ» ብለው ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ ተናግረዋል። ያኔ እንጦጦ ላይ መድኃኒታቸውን ጥለው ይሞቱ ለነበሩት ትልቅ ነገር ነበር። ይህንን ለንስሐ አባትዎ ያንሱላቸው። ሰቦክሶን ከምላስ ሥር የሚሟሟ ስለሆነ አንዴ ሟሙቶ ካለቀ በኋላ ጸበል ጠጥቶ ቢያስመልሰውም መድኃኒቱ ገብቷል። ለጾምና ለቅዳሴ ሰዓቱን ማዛወር ከፈለገ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለጉዞው ደግሞ መድኃኒቱ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊትም ኤምባሲውን ጠይቁ፣ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነውና።

ጥያቄ፦ ናርካን (በኦፒዮይድ ኦቨርዶዝ የወደቀን ሰው የሚያነቃውን፣ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት) ቤት ባስቀምጥ ወንድሜን «ግፋበት» ማለት አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንም። ዛሬውኑ ግዢ። ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ብዙ የጤና ቢሮዎችም በነፃ ይሰጣሉ። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እያንኮራፋ ወይም ትንፋሹ ጠፍቶ፣ ቢጠሩት የማይነቃ ከሆነ በአንድ አፍንጫው ንፊው፣ 911 ደውዪ፣ ትንፋሽ መስጠት ከቻልሽ ስጪው፣ መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኚው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቀሽ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫው። ቢነቃም ብቻውን አትተዪው፤ የናርካኑ ኃይል ሲያልቅ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገቡ ሁኚ።